ከደጋን የወጣ እሳት

ወለተሐና ጉም መምጣቱን ከማንም ቀድማ የምታውቀው በጆሮዋ ነው። መጀመሪያ ከገደሉ አፋፍ የሚሰማው የጭላዳ ጫጫታ እየራቀ ይሄዳል። ቀጥሎ ዳገቱን የሚያቃስተው የአይሱዙ ድምፅ፣ ባና እንደተከናነበ ሰው ንግግር፣ ይታፈናል። በመጨረሻ ግንባሯ ላይ ቀዝቃዛ እርጥብ ነገር ያርፋል። ያኔ ደጋኗን ታስቀምጥና የተነደፈውን የበግ ጠጉር በቅርጫት ሰብስባ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ቤቷ ትገባለች።

ቤቷ አንኮበር ነው፤ ደጋው አብቅቶ መሬቱ ቁልቁል ወደ ቆላ ከሚወርድበት ጠርዝ ላይ። ዓይኗ ሳይጠፋ በፊት፣ ጉም በሌለበት ጠዋት ከደጃፏ ቆማ የአልዩ አምባን ጣራዎች ታይ ነበር፤ ከዚያም ወዲያ አገሩ ሁሉ ሰማያዊ እየሆነ ከሰማይ ጋር ሲቀላቀል ታይ ነበር። አሁን ያ ሁሉ በውስጧ ነው ያለው። ሲያሻት ትዘረጋዋለች፣ ሲያሻት አጥፋ ታስቀምጠዋለች።

ሥራዋ የበግ ጠጉር መንደፍ ነው። ደጋኑ ጎባጣ እንጨት ሆኖ ጫፍና ጫፉ በጅማት ተወጥሯል። ጅማቱን ጠጉሩ ላይ አጋድማ ስትመታው ድምም ይላል፤ የተቋጠረው ጠጉር እየተፈታ እንደ አረፋ ይነፋል። ይህን ለመሥራት ዓይን አያስፈልግም። ስለዚህ ልጇ ሊያ ደብረ ብርሃን ወስዳት ሐኪሙ «የዓይንሽ ጅማት ደርቋል፣ እናቴ፤ እንግዲህ የሚመለስ አይደለም» ባላት ጊዜ እንኳ ሥራዋ አልቀረባትም። የቀረባት እሳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ብርሃኗ ጨርሶ በጠፋበት ክረምት፣ ድስት ልታወርድ ጎንበስ ስትል የቀሚሷ ጫፍ ተያያዘ። ባሏ ወልደሩፋኤል ከበረቱ ሮጦ ደርሶ በባዶ እጁ እየደቆሰ አጠፋላት። እሷ ብዙም አልተጎዳችም፤ የእሱ መዳፍ ግን ተላጠ። ቁስሉ ሲድን ቆዳው እንደ ወረቀት ለስላሳ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃው የእሱ ሆነ። ላይተሩን በካፖርቱ ኪስ ይዞ ይዞራል፤ ክብሪት ከቤት ወጣ። ጠዋት እሳት አንድዶ ሽሮውን ይሠራል፤ ወደ እርሻ ሊሄድ ሲነሳ ፍሙ ላይ ውኃ ደፍቶ ያጠፋዋል።

«ከእንግዲህ ከእሳት ጋር ጉዳይ የለሽም» ብሏት ነበር። በቁጣ አልነበረም። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ወለተሐና አልተከራከረችውም።

ግን ፍሙ ውኃ ሲነካው ሽሽሽ የሚለውን ድምፅ በሰማች ቁጥር በር የተዘጋባት ይመስላታል። ባሏ ከወጣ በኋላ አንዳንዴ ወደ ምድጃው ሄዳ እጇን እርጥቡ አመድ ላይ ታሳርፋለች። እዚያው ተቀምጣ ሸለብ ያደርጋታል። በእንቅልፏ ታያለች፤ የገብስ ማሳ ያለ ወትሮው ቢጫ ሆኖ ሲወዛወዝ፣ ሊያ በቀይ ሹራብ ስትሮጥ፣ ሁሉም ከእውነቱ ይልቅ ደምቆ ይታያታል። ስትነቃ ዓይኗን መግለጧን የምታውቀው ሽፋሽፍቷን ብርድ ሲነካው ነው። አንዳንድ ቀንማ መንቃቷንም ትጠራጠራለች፤ ሕልሙ ደማቅ፣ ንቃቱ ጨለማ ሆኖባት፣ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ዝም ብላ መቀመጥ ይኖርባታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቲ ትመጣለች። ሲቲ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናት፤ ከቆላ በርበሬና ጥጥ ታወጣለች፣ ከደጋ የበግ ጠጉር ባና እና የተነደፈ ጠጉር ታወርዳለች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ሁለቱ ልጅ ሳይወልዱ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ሲቲ ወደ ገበያ ስታልፍ አህያዋን ከአጥሩ ታስርና ወለተሐና አጠገብ ቁጭ ብላ ብርቱካን ትልጣለች። ሽታው ብቻ ደጃፉን ቆላ ያደርገዋል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ሲቲ ብርቱካኗን መላጥ ትታ ዝም አለች። ሲቲ ዝም ስትል ነገር አለ ማለት ነው።

«ምነው?» አለች ወለተሐና ደጋኗን እየመታች።

«አባቴ ትዝ አለኝ። ደጋንሽን ሳይ።»

«አባትሽ ጠጉር ይነድፍ ነበር እንዴ?»

«ኧረ እሱስ፣ አላህ ይዘንለት፣ በግመል ጨው ይነግድ ነበር። ትንሽ ሆኜ ከጭነቱ ላይ አስቀምጦ ይዞኝ ወርዷል። በረሃው ላይ ሲሰፍሩ ክብሪቱ በላብ ርሶ እንቢ ይላቸዋል። ያኔ አባቴ ከሻንጣው እንዲህ ያለች ጎባጣ እንጨት ያወጣል፤ ከዚህች ታንሳለች። ጠፍሯን በአንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ይጠመጥማል። ወዲህና ወዲያ ሲስባት ዘንጉ እንደ እንዝርት ይሾራል። ከሥሩ ሌላ እንጨት አለ። ከዚያ ይጨሳል፤ ከጭሱ እሳት ይወጣል።»

የወለተሐና እጅ ቆመ። ጅማቱ ትንሽ ተንዘርዝሮ ጸጥ አለ።

«ያለ ክብሪት?»

«ያለ ምንም። እንጨትና እንጨት ብቻ።»

«ማየት ይጠይቃል?»

አህያዋ ከአጥሩ ሣር ስትነጭ ይሰማል።

«አባቴ ሲያደርገው ዓይኑን ይጨፍን ነበር» አለች በመጨረሻ። «ላቡ እንዳይገባበት ይሁን ሌላ፣ እንጃ።»

«እንግዲያው አሳዪኝ።»

«ወላሂ፣ ወለትዬ፣ እኔ ያየሁት እንጂ የሠራሁት አይደለም።»

«ያየሽውን አሳዪኝ። የቀረውን እጄ ይፈልገዋል።»

ያን ቀን ሲቲ ገበያ ረፍዶባት ቀረች። ከቤቱ ኋላ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል ተሸሽገው፣ የነደፋውን ደጋን ጅማት በአንድ የወይራ ዘንግ ላይ ጠምጥመው ሳቡት። ወይራው ሲጥ ሲጥ አለ እንጂ አልሞቀም። ሲቲ ጠንከር አድርጋ ስትስበው ጅማቱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ሲቲ መሳቅ ጀመረች፤ ወለተሐናም የእንጀራዋ ገመድ ተበጥሶ በእጇ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ አብራት ሳቀች። እንዲህ የሳቀችበትን ጊዜ አታስታውሰውም።

ማታ ባሏ ደጋኑን አይቶ ምን እንዳገኘው ሲጠይቅ «አርጅቶ ነው» አለችው። እሱም ሌላ ጅማት ዘርግቶ፣ እየወጠረ በጣቱ እየሞከረ፣ ድምፁ ሲስማማው ጊዜ «ይኸው» ብሎ ሰጣት። ያን ጊዜ ነገሩን ልትነግረው ነበር። ግን ገና የሚነገር ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲቲ ከቆላ አንድ ደረቅ ዘንግ ይዛ መጣች፤ ቀላል ነው፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ጥፍር ሲጫኑበት ጠባሳ ይይዛል። ትንሽ ደጋን ከፍየል ቆዳ ጠፍር ጋር አሠርታለች። ወለተሐና ደግሞ ከአሮጌ በር የተረፈ የጽድ ሳንቃ፣ ለዘንጉ መጨበጫ የሚሆን የበሬ ቀንድ ጫፍ፣ ቀንዱ ውስጥ የሚቀባ ትንሽ የበግ ጮማ አዘጋጅታ ጠበቀቻት።

ሲቲ ከኋላዋ ተንበርክካ እጇን በእጇ ላይ አድርጋ አስተማረቻት። የግራ እግር ሳንቃውን ይረግጣል። ዘንጉ ሳንቃው ላይ በተፈለፈለች ጎድጓዳ ውስጥ ይቆማል፤ ጠፍሩ አንድ ጊዜ ይዞረዋል። ግራ እጅ ቀንዱን ከላይ ይጫናል፤ እንዳይወዛወዝ አንጓው ከቅልጥም ጋር ይጣበቃል። ቀኝ እጅ ደጋኑን ይስባል፣ ይገፋል።

«ረጅም አድርጊው» ትላታለች ሲቲ በጆሮዋ። «አትቸኩዪ። አባቴ የሚቸኩል አይመስልም ነበር። የሚያስተኛ ሰው ይመስል ነበር።»

ዘንጉ እየፈተለከ ወደ ጎመኑ መደብ ይበራል። ሲቲ እየሮጠች ታመጣዋለች። ጠፍሩ ይንሸራተታል፤ ያጠብቁታል። ቀንዱ ይግላል፤ ጮማ ይጨምሩበታል። ወለተሐና ክንዷ እስኪዝል ትስባለች፤ ሲደክማት ሲቲ ትቀበላለች። አንድ ቅዳሜ ዘንጉ መጮኹን ትቶ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ፤ ወዲያው የወለተሐና አፍንጫ ደረቅ ነገር ሸተተው፤ የተቆላ እህል ይመስላል፣ የቤተ ክርስቲያን አሮጌ በርም ይመስላል።

«ጨሰ» አለች ሲቲ በሹክሹክታ።

ጨሰ፤ ግን ከጭስ አላለፈም። ደጋኑ ሲቆም ጭሱም አብሮ ይቆማል። በየሳምንቱ እንዲሁ ሆነ። በኅዳር አጋማሽ ሲቲ ልጇ ሌይላ የመውለጃዋ ጊዜ መድረሱን፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ሄዳ እንደምታርሳት ነገረቻት።

«እስክትጠነክር እዚያው ነኝ» አለቻት። «ኢንሻአላህ ስመለስ ሻይ በዚህ እሳት ታፈይልኛለሽ።»

«ካላገኘሁትስ?»

«ካላገኘሽው ቀዝቃዛ ውኃ እጠጣለሁ» ብላ እየሳቀች አህያዋን ነዳች።

ወለተሐና ብቻዋን ቀረች። ባሏ ለአጨዳ ሲወጣ ከቤቱ ኋላ ትሄዳለች። ጉሙ ይመጣል፣ እንጨቱን ያረጥበዋል። ማለዳ ደርቆ የነበረው ዘንግ ከቀትር በኋላ እንደ ራሰ ቆዳ ይላላል፤ ጎድጓዳው ይለሰልስና መሾሩ ሙቀት አልባ ይሆናል። ምን እንደምታደርግ ግራ ቢገባት ሌሊት ሌሊት ዘንጉን ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ከጎኗ አስተኝታ ታድር ጀመር። ገላዋ ያደርቀዋል ብላ ነው። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ዘንጉ በቀስታ የሚሾር ይመስላታል፤ ቤቱም አብሮ ይሾራል፤ አልጋዋ፣ ተራራው፣ ጉሙ ሁሉ በአንዲት ቀጭን እንዝርት ዙሪያ ይጠመጠማሉ፣ ወደ እንቅልፍም ይዘዋት ይወርዳሉ።

አንድ ጠዋት ወልደሩፋኤል ብርድ ልብሱን ሲያጥፍ ዘንጉ መሬት ላይ ቋ ብሎ ወደቀ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እንዝርት ነው።»

«እንዝርት እንዲህ ይወፍራል?» ዘንጉን አንስቶ ሲያሸት ሰማችው። «ጫፉ ጠቁሯል። ጭስ ጭስ ይላል።»

መዋሸት አልፈለገችም። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ የሲቲን አባት፣ የተበጠሰውን ጅማት፣ ሳንቃውን ከግድግዳው ሥር የምትደብቅበትን ቦታ ጭምር። እሱ ቆሞ ነበር የሚሰማት።

«እሳት ከፈለግሽ እኔ አለሁልሽ አይደል?» አላት።

«አለህልኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

እንዴት እንደምትለው አሰበች። ቀላል አልነበረም።

«ስትሄድ ፍሙ ላይ ውኃ ትደፋለህ» አለችው። «ድምፁን ስሰማ እኔንም አብረህ ያጠፋኸኝ ይመስለኛል። ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መዳፍህንም አውቀዋለሁ። ግን እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።»

ወልደሩፋኤል ካፖርቱን ለበሰ፣ ቦቲውን አጠለቀ፣ ወጣ። ያን ቀን ውኃውን ረስቶት ይሁን አስቦበት፣ ፍሙ እንደጋለ ቀርቷል። እሷ ግን አልቀረበችውም።

ረፋዱ ላይ ወደ ቤቱ ኋላ ሄዳ ግድግዳውን ስትዳስስ ሳንቃው የለም። ትንሹም ደጋን የለም። ቀንዱም የለም። ሣሩን በእጇ አሰሰችው፤ የጎመኑን መደብ አሰሰችው። ከዚያ ተመልሳ ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና ጠጉሯን መንደፍ ጀመረች። ሊያ ከደብረ ብርሃን ስልክ ደወለች፤ «ደኅና ነኝ፣ እኔ ምን እሆናለሁ» አለቻት። ጉሙ ሲመጣም አልገባችም። ጠጉሩም ደጋኑም እሷም አብረው ረጠቡ።

ባሏ ከመሸ በኋላ ተመለሰ። እሷ አልጠየቀችውም። እሱም እሳቱን አቀጣጠለ፣ ጨው አበዛ፣ እራቱን አቀረበ። ሁለት ጉርሻ ከበሉ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዕቃሽን ከምድጃው በላይ ከቆጡ ላይ አድርጌዋለሁ።»

ወለተሐና ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ለምን?»

«ከጎንሽ ስታሳድሪው ላብሽን ነው የሚጠጣ። እንጨት በጭስ ነው የሚደርቅ። እዚያ ይሰንብት።» ቀጠለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በሌለሁበት ግን አይሆንም» አለ።

«አይሆንም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድና ከሥራ በጊዜ በገባበት ቀን ሁሉ፣ ወለተሐና ጓሮው ላይ ስትንበረከክ ወልደሩፋኤል ከድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። አይረዳትም፤ አትፈቅድለትምና። ዘንጉ በተፈናጠረ ቁጥር ሲነሳ ሲቀመጥ ትሰማዋለች። ጭሱ ሲወጣ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲቆም ይለቀዋል። እንጨቱ አሁን በደንብ ደርቋል፤ ጭሱም በርትቷል። እሳት ግን የለም። ጥምቀት አለፈ። አንዳንዴ ሲቲ ያላየችው፣ ወይም አይታ የረሳችው አንድ ነገር እንዳለ ይሰማታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደክሟት ከምድጃው አጠገብ ጋደም አለች። በሕልሟ ወፍጮ ላይ ተቀምጣ ትፈጫለች። ገብሱ ነጭ ነው፤ ዱቄቱ ግን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ወፍጮው አፍ የለውም፤ ዱቄቱ በዙሪያው ሁሉ ይበተናል፣ ነፋስም ያነሳዋል። ልትሰበስበው ትሞክራለች። ከየት መጣ የማይባል እጅ፣ የማን እንደሆነ አላወቀችም፣ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ጣቱን ወዲያና ወዲህ ሲያስኬድ አየች። ጣቱ የነካው ቦታ ጎደጎደ፤ ዱቄቱም በዚያ በኩል በአንድ መስመር ወርዶ ተከመረ።

ስትነቃ ወዲያው አልተነሳችም፤ ሕልሙ እንዳይፈስባት እንደ ሙሉ እንስራ ቀጥ አድርጋ ይዛው ቆየች። ከዚያ ወልደሩፋኤልን ሳንቃውን ከቆጡ አውርድልኝ አለችው፤ ጓሮ ወጥተውም እሱ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጎድጓዳዋን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰቻት። በዙሪያዋ ሁሉ የደቀቀ ዱቄት አለ፤ ስስ፣ የተበተነ፣ ቀዝቃዛ። ከእንጨቱ የሚወጣው ሙቀት ሁሉ እንዲሁ ተበትኖ ነበር የሚቀረው።

«ቢላዋህን ስጠኝ።»

ቢላዋውን ከመስጠቱ በፊት እጁ ትንሽ ቆየ።

«ልቁረጥልሽ?»

«አይ። የት እንደሆነ እኔ ነኝ ያየሁት።»

ከጎድጓዳዋ እስከ ሳንቃው ጠርዝ ድረስ የጠበበች ሰርጥ ቆረጠች። ቢላዋው አንዴ ጣቷን ጫር አደረጋት፤ ጣቷን መጠጥ አድርጋ ቀጠለች። ወልደሩፋኤል ከድንጋዩ ላይ አልተነሳም። ላለመነሳት ምን ያህል እንደሚታገል ግን ድንጋዩ ሥር የሚንቀጫቀጨው ጠጠር ይነግራታል።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ጉሙ ከማለዳ ጀምሮ አገሩን ሸፍኖታል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የደወሉ ድምፅ እንኳ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል ነበር። ከምሳ በኋላ ወለተሐና የጽድ ልጥ በእጇ አሽታ አሽታ አለሰለሰችና እንደ ወፍ ጎጆ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠች። ከሰርጧ ሥር ቀጭን ቅርፊት አነጠፈች። ዘንጉን አቆመች፤ ቀንዱን ጫነች፤ ደጋኑን ሳበች።

ድምፁ ጉሙ ውስጥ ለስለስ ብሎ ይዞራል። ወዲህ፣ ወዲያ። ወዲህ፣ ወዲያ። ወልደሩፋኤል አጨዳና ውቂያ አድክሞታል፤ ከድንጋዩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹ እየከበደ ሲሄድ፣ በመጨረሻም ሲያንኮራፋ ሰማችው። ሲቲ እንዳለችው የሚያስተኛ ድምፅ ነበር። እሷም ራሷ ከእንቅልፍና ከንቃት ድንበር ላይ ያለች መሰላት። ክንዷ የሷ አልሆነም፤ ደጋኑ ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ይመለሳል። ጭሱ መጣ። አልቸኮለችም። ሽታው ከጣፋጭ ወደ መራራ ሲለወጥ ቀንዱን ትንሽ ጠንከር አድርጋ ተጫነች። ደቃቁ ዱቄት በሰርጧ በኩል ሲወርድ፣ ቅርፊቱ ላይ ሲከመር፣ ከዝናብ ሁሉ የቀለለ ዝናብ የሚጥል ይመስል ጆሮዋ ይሰማዋል፤ ወይም የሚሰማ መሰላት።

ክንዷ ሲያበቃ ደጋኑ ቆመ። ዘንጉን በቀስታ አነሳች። እስከዛሬ እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። ጎንበስ ብላ ጉንጯን ወደ ክምሩ አስጠጋች።

ሽታው አልሄደም። ጭሱ ያለ ደጋን፣ ያለ ክንድ፣ በራሱ እየወጣ ቅንድቧን ይነካዋል። ከክምሩ ውስጥ ነጥብ የምታህል ሙቀት አለች። ወለተሐና ስትተነፍስ ከፍ ትላለች፣ ትንፋሿን ስትይዝ ዝቅ ትላለች፤ ገና ተወልዶ ጡት እንደሚፈልግ ነገር።

ቅርፊቱን አንስታ ክምሩን በጽዱ ልጥ ጎጆ ውስጥ ገለበጠች፣ ልጡን አጠፈችበት፣ ወደ ከንፈሯ አቅርባ እፍ አለች። አንዴ፣ በቀስታ። ቀጥሎ ረዘም አድርጋ። ጭሱ ወፍሮ አስነጠሳት። እንደገና እፍ አለች። ልጡ በእጇ ውስጥ መንሾካሾክ ጀመረ፤ ድንገት ፍስስ ብሎ ሙቀቱ ፊቷን ሙሉ ታጠባት። ጎጆውን መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ የት እንዳስቀመጠችው ግንባሯ ያውቃል፣ አገጯ ያውቃል። ጭራሮ በላዩ አደረገች። ጭራሮው ተንጣጣ።

«ወልደሩፋኤል» አለች ቀስ ብላ።

ማንኮራፋቱ ቆመ። ከዚያ ጠጠሩ ተፈናጠረ፤ ዘሎ ተነሳ፣ አንድ እርምጃ መጣ። ቀሚሷ እንደተያያዘበት ቀን የሚደርስባት መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች። ግን እርምጃው ቆመ። ከጉሙ ውስጥ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል።

«ነካሽ?»

«አልነካኝም።»

«ቀሚስሽ?»

«ሰብስቤዋለሁ።»

ጭራሮው ይንጣጣል።

«ራቅ በይ ልልሽ ነበር» አለ።

«አትበለኝ።»

መጥቶ ከጎኗ ተንበረከከ። ምንም ሳይናገር አንድ ወፈር ያለ ፍልጥ በእጇ አስያዛት። የት እንደምታኖረው አልነገራትም። እሷ ሙቀቱን በእጇ ጀርባ ዞራ ለክታ ፍልጡን አስቀመጠችው። ትከሻው ከትከሻዋ ጋር ተነካካ።

እሳቱ ፍም ሲሆን ወለተሐና በገል ዛቀችው። እሱ በሩን ብቻ ከፈተላት። ከጓሮ እስከ ምድጃው ያለውን መንገድ፣ መድረኩን፣ መደቡን፣ ምሰሶውን፣ ሁሉንም በእግሯ ታውቀዋለች፤ በዚያ መንገድ እሳት ይዛ ስትሄድ ግን ቤቱ የሰፋባት መሰላት። ፍሙን ምድጃው ላይ ደፍታ ጭራሮ አለበሰችው። ያን ቀን እራት የሠራችው እሷ ናት። ወልደሩፋኤል ከመደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ድስቱን በነካች ቁጥር መደቡን እያስጮኸ፣ ግን ሳይነሳ አመሸ። ሽሮው ትንሽ አረረ። ሁለቱም ጨርሰው በሉት።

ሲቲ የተመለሰችው በየካቲት መጨረሻ፣ የበልጉ ዝናብ ማንጠባጠብ ሲጀምር ነው። የልጅ ልጇን ስም ሰዳም ብለውታል፤ ጩኸታም ነው፣ ግንባሩ የአያቱ ነው፣ አልሃምዱሊላህ ሌይላም ጠንክራለች። ይህን ሁሉ አህያዋን ሳታስር ነው የተናገረችው። ወለተሐና ሻይ ቀድታ ብርጭቆውን እጇ ላይ ስታኖርላት ወሬዋን አቋረጠች።

«ይኼ የፈላው በምንድን ነው?»

«ጠጪው።»

ሲቲ አልጠጣችም። ብርጭቆውን አስቀምጣ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተቻት። ወለተሐና ሳንቃውን ሰጥታ ሰርጧን በጣቷ አስዳሰሰቻት።

«ይችን ረስተሻት ነበር።»

ሲቲ ሰርጧን ደጋግማ ዳሰሰች። «የማላውቀውን ነው ለካ ሳስተምርሽ የከረምኩት» አለችና ሳቋ ለቀቃት፤ እየሳቀች ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። «እስቲ አሁን አንቺ አስተምሪኝ። ቢስሚላህ።»

ወለተሐና ከኋላዋ ተንበርክካ እጇን በእጇ ላይ አደረገች። የሲቲ ክንድ ይቸኩላል፤ ዘንጉ ሲጥ ይላል።

«ረጅም አድርጊው» አለቻት። «ገና ነው። ገና ነሽ።»

ዝናቡ መጀመሪያ ጎመኑ ላይ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው ላይ ተሰማ። ወልደሩፋኤል ከቤት የእህል ማድረቂያውን ላስቲክ ይዞ ወጣና በሁለቱ ራስ ላይ ዘርግቶ በሁለት እጁ ያዘው። ግቡ አላላቸውም። ዝናቡ ላስቲኩ ላይ እየበረታ ሄደ፤ ከሥሩ ደጋኑ ወዲህና ወዲያ ይላል፣ የሲቲ ትንፋሽ ከድምፁ ጋር መስማማት ጀምሯል፤ ወለተሐናም ጭሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ አፍንጫዋን ወደ ሳንቃው ዝቅ አድርጋ ትጠብቃለች።